ከጆንያው ሥር

አቶ ከፈለኝ በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ የገቡት ለቅሶ ለመድረስ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥተው ጃንጥላቸውን ሲያራግፉ፣ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት የወንድማቸውን ልጅ ትሁትን አዩ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓትና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሰዓት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታ ፊዚክስ ታስተምራለች ብለው ነው የሚያውቁት። እሷ ግን ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቡና የገዙ ናቸው። ቡና ገዢ ደግሞ ከላይ የሚያየውን አያምንም። ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከሥር እንደሚደረግ ያውቃልና፣ ጆንያ ሲፈታለት ክንዱን እስከ ብብቱ ሰዶ ከሥር ይዘግናል።

«ዛሬ ትምህርት የለም?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

ትሁት ደንግጣ ተነሣች። «ጋሼ! እንደምን አደሩ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቆየን። ትምህርት የለም ወይ?»

«አለ። ክፍሌን ለሚተካኝ መምህር አስረክቤያለሁ። መልቀቂያ ካስገባሁ ዓርብ ወር ይሞላኛል። ልነግርዎ እያሰብኩ ሳልደፍር ቀረሁ።»

«ለቅቀሽ ምን ልትሆኚ?»

«ድረ ገጽ ልሠራ። ሰው ስልኩን ከፍቶ የሚያየውን ገጽ፣ ለነጋዴም ለማኅበርም።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ፣ በሁለት ዓመት። ኢንተርኔት ሲኖር ትምህርቱን በፍላሽ እቀዳለሁ፤ መብራት ሲኖር እለማመዳለሁ።»

«ሁለቱም ሲጠፉስ?»

«ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።»

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለች ከማሽኑ ጀርባ ሳቁ። «ወረቀቱንም የምትገዛው ከእኔ ነው። እኔስ አልከሰርኩም!»

አቶ ከፈለኝ አልሳቁም። «ጎረቤታችን ማናልሞሽን ታውቂያታለሽ። ‹ሁለት ሰው አምጪ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያምጡ› ሲሏት በሬዋን ሸጣ ገባች። ዛሬ በሬውም የለ፣ ሰዎቹም የሉ። እሱም በኮምፒውተር ነው የመጣው።»

«እኔን ሰው አምጪ ያለኝ የለም። ሠርቼ ነው የማስረክበው።»

«የምስክር ወረቀት የሌለው ሙያ ደግሞ ምን ሙያ ነው?»

«የእርስዎ የቡና ሙያ ወረቀት አለው ወይ፣ ጋሼ?»

«አፍሽን!» አሉ። ግን ነገሩ ወጋቸው፤ ቡናን ያስተማራቸው እጃቸው እንጂ ማንም አልነበረም። ወደ ባለቤቲቱ ዞሩ። «እሜቴ፣ ‹መልቀቂያዬን ስቤያለሁ› የሚል ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ርዕሰ መምህሩ የማውቀው ሰው ነው፤ ዛሬውኑ አደርስለታለሁ።»

ወይዘሮ አስካለች ትሁትን ቀና ብለው አዩ። እሷም በዓይኗ ይሁን አለች። ደብዳቤው ታትሞ ወጣ፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ እስክሪብቶ ተቀመጠበት።

«እፈርማለሁ፤ ቃልዎን ጥሼ አላውቅም» አለች ትሁት። «ግን እርስዎ ሳይዘግኑ ጆንያ መልሰው ያውቃሉ?»

አቶ ከፈለኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ለሸኮ ገበሬዎች ማኅበር የሠራችውን ገጽ ከፈተችላቸው። ደኑ፣ የቀላው እሸት ቡና፣ የገበሬዎቹ ስም፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል።

«ያምራል» አሉ ተኮሳትረው። «ከላይ ያላማረ ጆንያ ግን አላየሁም። ሥሩን።»

ሥሩን ከፈተችው። ገጹን የሚያቆሙት የጽሑፍ መስመሮች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወረዱ። እሳቸው በጣታቸው እየነኩ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ሲሉ፣ እሷም ስታስረዳ፣ ቆይተው ደግሞ ወደ አንዷ ተመለሱ።

«ይቺን ቅድም ጠይቀውኛል።»

«አውቃለሁ። ቃልሽ ይለወጥ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አልተለወጠም። ወደ ላይኛው ገጽ ሲመለሱ ግን ዓይናቸው አንድ የቡና ፍሬ ፎቶ ላይ ተተከለ። «ከዚህ ሥር ምን ተጽፏል?»

«‹በፀሐይ የደረቀ የሸኮ ጀንፈል፣ ተፈልፍሎ።›»

«ውሸት ነው። ጀንፈል ከነልጣጩ ስለሚደርቅ፣ ሲፈለፈል ቡናማው ስስ ቆዳ ላዩ ላይ ይቀራል። ይህ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው፤ የታጠበ ቡና ነው።»

ትሁት ፊቷ ተለዋወጠ። አቶ ከፈለኝ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ከጆንያ ሥር እርጥብ ቡና ሲወጣበት ሻጭ የሚያደርገውን ያውቃሉ፤ ይምላል፣ ሚስቱን ይወቅሳል፣ ዝናቡን ይከሳል። እሷ ግን ፎቶውን ከገጹ አነሣችና ስልኳን አወጣች።

«አቶ ታምሩ? ገጻችሁ ላይ ተሳስቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጀንፈል ነው ብዬ የታጠበ ቡና ፎቶ አስቀምጬ ነበር። አሁን አንስቼዋለሁ። ያየ ገዢ ካለ ስሙን ላኩልኝ፤ እኔው እጽፍለታለሁ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ድምፅ ከስልኩ ጮኾ ወጣ። «እኛስ መች አየነው! ማን ደረሰበት?»

«አጎቴ።»

«እንግዲያ እሳቸውን ቅጠሪያቸዋ!»

ወይዘሮ አስካለች በሳቅ ፈነዱ። አቶ ከፈለኝ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሥራ በጀመሩ ሰሞን በደንብ ሳይደርቅ የጫኑት ቡና ትዝ ብሏቸው ነው። ያውቁ ነበር፤ ጆንያው አንዴ ተሰፍቷል ብለው ዝም አሉ።

«በሠላሳ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለአንድም ገዢ እንዲህ ብዬ ደውዬ አላውቅም።»

አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌ መጠርጠሩ አይነቀፍም፤ ጥርጣሬው ባይኖር ያ ፎቶ ዛሬም እንደዋሸ በተቀመጠ ነበር። የሚነቀፈው ሳይዘግኑ መፍረድ ነው። ሙያ በትምህርት ቤት በር ብቻ አይገባም፤ በትጋትም ይገባል፤ የሚጸናው ግን ስህተትን ሳይደብቁ በማረም ነው። እንዲህ ሲሆን የሸኮ ገበሬ ቡናው በገዛ ስሙ ይጠራለታል፤ የሚዛን ልጅም ሙያ ፍለጋ አገሯን አትለቅም።

«ጥርጣሬዬን የተውኩ እንዳይመስልሽ» አሉ አቶ ከፈለኝ። «በመጣሁ ቁጥር ሥሩን አሳዪኝ እልሻለሁ።»

«ሌላ ማን አለኝ፣ ጋሼ?»

ያልተፈረመውን ደብዳቤ አነሡና ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተቱ፤ ቡና ገዢ ለለቅሶም ቢሄድ ኪሱ ከናሙና ባዶ አይሆንም። ቡናማ ቆዳው ያልለቀቀ፣ ተፈልፍሎ የተለቀመ የሸኮ ጀንፈል ነጩ ወረቀት ላይ ዘረገፉ።

«ቡና መልኩ የሚታየው ነጭ ላይ ነው» አሉ። «በይ፣ ፎቶ አንሺው።»