የወንድም ዕፍረትና የእህት ሥልጣን

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሐኪሟ ካሎላይኔ አንድ ፎርም ደረቷ ላይ አቅፋ በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ ወደብ አጠገብ ስታልፍ፣ ከኤኡዋ ደሴት የመጣው ጀልባ ሰው እያወረደ ነበር። ከሚወርዱት መካከል እንደ አገሩ የክብር አለባበስ ወገባቸውን በተሸመነ ምንጣፍ የታጠቁ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት አየች። የአባቷ ታላቅ እህት ወይዘሮ ፉሲፓላ ነበሩ። መንገድ ልትቀይር አሰበች፤ ነገር ግን ዓይናቸው ቀድሟት ነበር።

«ካሎ፣ ከአክስትሽ ነው የምትሸሺው?»

«ኧረ አልሸሸሁም አክስቴ፤ ጥላ ፍለጋ ነው።»

«ጥላው እኔ ጋ ነው። ነይ ተቀመጪ። አባትሽ በመኪና ሊወስደኝ እየመጣ ነው፤ እስከዚያው ያቀፍሽውን ወረቀት አሳዪኝ።»

መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በቶንጋ የአባት እህት ከአባትም በላይ ናት፤ እሷ አይሆንም ያለችውን ወንድሟ ይሁን አይልም። ስለዚህ ካሎላይኔ ፎርሙን ሰጠቻቸው። ፊጂ ውስጥ ሱቫ ከተማ የሚገኘው ማስተማሪያ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ተማሪዎች ሦስት የልምምድ ቦታዎች አቅርቦ ነበር፤ የአጥንት፣ የሕፃናትና የሽንት ቧንቧ። አንዱን መርጣ እስከ ነገ ቀትር መላክ አለባት።

«ወሬው እውነት ነዋ» አሉ ወይዘሮ ፉሲፓላ። «ጀልባው ሙሉ ስለ አንቺ ሲያወራ ነው የመጣሁት። የሳቴኪ ልጅ የወንዶችን እንትን ልታክም ነው አሉ።»

«የሽንት ቧንቧ ሕክምና ነው የሚባለው አክስቴ። ሴቶችም ይታከሙበታል።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እንጂ። ደግሞስ ማን ሊመጣልሽ ነው? የመንደራችን ወንድ ሁሉ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ያው ወንድምሽ ነው። ወንድምና እህት ቴሌቪዥን እንኳ አንድ ክፍል ተቀምጠው አያዩም። አንቺ ሱሪ ልታስወልቂ?»

«መልሼ አስለብሳለሁ።»

ወይዘሮ ፉሲፓላ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። «ቀልዱ ይቅር። አጥንት ምረጪ። አጎትሽን ሴሚሲን የገደለው ጉልበቱ ነው። ታሞብኝ ልማዱን ወደ ጎን ትቼ እኔው ራሴ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት አመላለስኩት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ብቻውን አልተውኩትም። ኪኒን ሰጡት፣ ቅባት ሰጡት፣ እግሩ አብጦ አብጦ ሞተ። የአጥንት ሐኪም ቢኖረን ኖሮ ወንድሜ ዛሬ አብሮኝ በመጣ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ ይህችን ብቻ።»

ካሎላይኔ ፎርሙን ተቀብላ አጠፈችው። የአጎቷን አሟሟት ነገር ሦስት ዓመት ስትሸሸው ኖራለች።

«ነገ የምጽፈውን አልለውጥም» አለች በመጨረሻ። «ቢመርቁኝም ባይመርቁኝም ያው ነው። ግን በኤኡዋ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ የሚሰሙት እርስዎን ነው። አትሂዱላት ካሉ፣ ተምሬ ስመለስ ባዶ ክፍል ነው የምጠብቀው።»

«እንግዲያው ባዶ ክፍል ነው የሚጠብቅሽ።»

እዚህ ላይ በአክስቲቱ መፍረድ አይገባም። ያ የመከባበር ልማድ ከድንቁርና የተወለደ አይደለም። ወንድም በእህቱ ፊት ነውር እንዳይናገር፣ እጁንም እንዳያነሳባት ያደረገ እሱ ነው፤ ብዙ አገር ያሉ ሴቶች ይህን ክብር አጥተዋል። ነገር ግን መልካም ልማድም ያለ ቦታው ሲገባ ሰው ይጎዳል፤ ካሎላይኔም ይህን በዓይኗ አይታለች።

«አክስቴ፣ የአጎቴ ሕመም ጉልበቱ አልነበረም።»

«ምን አልሽ?»

«ሽንቱ ነበር። ፊኛው ሥር ያለው ዕጢ አብጦ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ሲያስነሳው ቆይቶ መውጫውን ዘጋበት፤ ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቱን አበላሸው። እግሩም ያበጠው በዚያው ነው።»

«ትዋሻለሽ። ሐኪሙ ምንህን ነው ያመመህ ሲለው ጉልበቴን ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጉልበቴን ያለው እርስዎ አጠገቡ ስለተቀመጡ ነው። ካርድ የምታወጣውም ነርስ የአክስቱ ልጅ ነበረች። በሁለት እህቶች መካከል ሽንት ብሎ አፉን ይክፈት? በሄደ ቁጥር ጉልበቴን ይላል፤ የጉልበት መድኃኒት ይሰጡታል።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ። በመጨረሻው ሳምንት እርስዎ ልብስ ሊያመጡ ሲወጡ ለሐኪሙ ተናገረ። እኔ ተለማማጅ ሆኜ እዚያው ቆሜ ነበር። ‹ስሞት ለእህቴ ንገሪልኝ፣ እኔ በፊቷ አልችልም› አለኝ። እኔም አልቻልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ፉሲፓላ የታጠቁትን ምንጣፍ ጠርዝ ጨበጡ። ጀልባው ጭነቱን ጨርሶ ገመዱን ሲጠቀልል እንኳ ቀና አላሉም።

«እኔ አብሬው ባልገባ ኖሮ ይናገር ነበር?»

«ምናልባት። በጊዜው ቢናገር በኪኒን፣ ካልሆነም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይድን ነበር። ግን ያስገባዎት ፍቅር ነው።»

«አታባብዪኝ።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አንቺስ እዚያ ክፍል ስትቀመጪ? የእኔ ልጆች ለአንቺም ጉልበቴን ነው የሚሉት።»

«ወንድሞቼን እኔ አላይም፤ ሌላ ሐኪም ያያቸዋል። እኔ የማክመው የሌላ ደሴት ሰዎችን ነው፤ አፍረው የሚደበቁትን ሴቶችም ጭምር። በሳምንት አንድ ቀን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ወንድ ነርስ ብቻ ይቀመጣል፤ የማንም ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም። ይህን ልማድ ነጭ ሐኪም አያውቀውም፤ የአገሩ ወንድ ሐኪም ደግሞ ስለሚያፍር አያነሳውም። እዚህ ያደገች ሴት ካልተማረችው ማን ያስተካክለዋል?»

«ወንዶቹን ግን በሩ ድረስ ማን ያመጣቸዋል?»

«እሱን አላወቅኩም» አለች ካሎላይኔ በሐቅ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ፉሲፓላ ቀና ብለው። «እህት ሂድ ካለችው የማይሄድ ወንድም የለም። ሴቶቹን እሰበስባለሁ። እያንዳንዷ ወንድሟን እስከ በሩ ታድርስ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አትግባ። እኔ የገባሁት ይበቃል።»

በዚህ መካከል የሳቴኪ መኪና መጥቶ ቆመ። የካሎላይኔ አባት ከታላቅ እህቱ ራቅ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ ወዲያው የእህቱን የጉዞ ጥቅል ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«ተወው» አሉት። «ልጅህ ሱቫ የምትሄደው የሽንት ሕክምና ልትማር ነው።»

ሳቴኪ ፊቱ ጠቆረ። በስድሳ ሁለት ዓመቱ እህቱ ሽንት የሚለውን ቃል በፊቱ ሲጠሩ ሰምቶ አያውቅም። ዘወር ብሎ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

«ሳቴኪ፣ ቁም።»

ቆመ።

«ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?»

«እትዬ፣ እባክዎ፤ ልጅቷ እዚህ ቆማ...»

«አንድ ወንድሜን በዝምታ ቀብሬያለሁ። ስንት ጊዜ?»

ሳቴኪ መኪናውን እያየ «አራት» አለ። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠም «አንዳንዴ አምስት» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ።»

«በል ንዳው፤ ወደ ሆስፒታል።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ካሎላይኔ በር ላይ ለተቀመጠው ወንድ ነርስ ሁለት ቃል ሹክ ብላ ተመለሰች። በጊዜ የታወቀ እንዲህ ያለ ሕመም ይታከማል፤ ኩላሊት ይተርፋል፣ አባት ለልጆቹ ይቆያል። ለዚህ የሚፈለገው ክብርን መጣል አይደለም፤ ክብር የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ብቻ ነው።

ሳቴኪ ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ እህቱን አያቸው።

«ብቻዬን?»

«ብቻህን» አሉ ወይዘሮ ፉሲፓላ። የካሎላይኔን ክንድ ይዘው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ፤ እሱ ገብቶ እስኪወጣም አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው አላዩም።