አባ ቁጭ በሉ፣ አርባ ዓመት በውኃ ላይ

ወገኖቻችን፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሁላችሁም «አባ ቁጭ በሉ» የምትሏቸው ጀልበኛ፣ ዓሣ አጥማጅ ከነበሩት አባታቸውና መረብ ይጠግኑ ከነበሩት እናታቸው፣ ከሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲደክሙ መቅዘፊያውን ተረከቡ፤ ኋላም ሞተር ገዝተው ሰው ከዳር ወደ ዳር ሲያሻግሩ ኖሩ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ቦርሳዋን ለማንሣት ብድግ ብትል ጀልባዋ አዘነበለች፤ እርሳቸውም፣ «እመቤት፣ እዚህ ለማንም አይነሡም፤ ንጉሥ ቢመጣም ቁጭ ብለው ይቀበሉት!» አሏት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እርሷ ተቆጣች፣ በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ጀልባ ሲያስሩ፣ ገመዱ እንዳያመልጣቸው በመዳፋቸው ጠምጥመውት ሳለ ማዕበል ጀልባዋን ወደ ኋላ ጎተታት፤ ሁለት ጣቶቻቸው በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ጀልበኛ ሁሉ የጎደለ እጃቸውን ዘርግተው፣ ገመድ ይያዛል እንጂ አይጠመጠምም፣ ነዳጅ ሲቀዳ ሞተር ይጠፋል፣ ጀልባም ከድንጋይ እንዳይጋጭ ተብሎ በእግር አይገታም፤ እንጨት ቢሰበር አናጢ አለው ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ጀልባዋ ወደ ወደቡ ስትጠጋ፣ አንዲት ተሳፋሪ እናት ጀልባዋ ከድንጋዩ እንዳትጋጭ ብላ እግሯን ስትዘረጋ አዩ፤ እርሷን ወደ ውስጥ ስበው ራሳቸው ሚዛን ሳቱና በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ወድቀው ዳሌያቸው ደቀቀ። ያቺ እናት ዛሬ ከመካከላችን አለች። እኅታችን፣ አንቺን አንድም ቀን አልወቀሱሽም።

አሥራ አንድ ወር በተኙበት አልጋ፣ በመስኮት የሚገባውን የሞተር ድምፅ እየለዩ የማን ጀልባ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ባለቤታቸውን የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ተሸክመዋቸው አንዴ ብቻ ውኃው ላይ እንዲያወጧቸው። እርሷ ያ ውኃ ዳግም እንዳይነካቸው ፈርታ፣ እንደማይሻላቸው እያወቀች፣ «ሲሻልህ» እያለች አሳለፈችው። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እኅታቸውንና ይህን የጻፈችውን ባለቤታቸውን ትተው ሄደዋል። እርሷም መስኮቱን መዝጋት አልሆነላትም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ባለቤታቸው በፍርሃት የነፈገቻቸውን እርሱ በምሕረቱ አይንፈጋቸው።