የሪዞርቱ ዱዓ

«አላደርግም አልኩህ! ዱዓዬን አንዴ ወስደሃል፣ ይበቃሃል።»

ተናጋሪው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሸህ ናቸው። አጠገባቸው ያለው ወጣት የሪዞርት ግንባታ ተቆጣጣሪ መሆኑን ከወሬያቸው ተረዳሁ።

«ወላሂ ሸህ፣ የቆምነው ብድሩ ስለዘገየ ነው። አሁን የልማት ባንኩ ሊለቅልን ነው። ሐሙስ ሰዎቹ ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ። የአገር ሽማግሌ ሲመርቅ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።»

«ምኑን ልመርቅ? የበቀለበትን ሙጃ?»

«ምሶሶዎቹ አሉ እኮ!»

«አሉ። ቁራ ሰፍሮባቸዋል። የመጀመሪያው እንግዳችሁ እሱ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሸሁ አልሳቁም።

«ስማኝ ልጄ። ጎረቤቶቼ የካሮት መሬታቸውን የለቀቁት ያንተን ፕላን አይተው አይደለም። እኔ እጄን ዘርግቼ ‹ለልጆቻችሁ እንጀራ ይሁናችሁ› ስላልኩ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አጠፉ? በቅን ልብ ነው ያደረጉት።»

«ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ዱዓ አደረግሁ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አሚን ያለኝ ሙሽራው ብቻ ነው። እሱም ከኩታበር የመጣ ነው፣ አያውቀኝም።»

ወጣቱ ድምፁን ቀነሰ።

«ሐሙስ ብቻ፣ ሸህ። ለመጨረሻ ጊዜ።»

«ወራጅ አለ!»

ሸሁ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ፣ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

ኮምቦልቻ እስክንደርስ አሚን ሊል እንደተዘጋጀ ሰው መዳፎቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ።