አምቦውን ላምባ ነው ብሎ

ጽሑፌ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት ተመረጠልኝ፤ እየሳቅኩ የፌርፋክስን አውቶቡስ ያዝኩ። ከፊቴ አንዲት ጂኦሎጂስት ለማታውቃቸው አዛውንት ሥራዋን ታስረዳለች።

«መሥሪያ ቤታችን የሚያጠናው ባሕር ሥር ጋዝ ይኖራል ጋሼ፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ይመስለኛል።»

«እሱ አይነድም?»

«አምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው እኮ ነው። እሳት ያጠፋል።»

«ሶ ለአለቆችሽ ንገሪያቸዋ።»

«ጋዙ የማይነድ የመሆኑ ሪስክ ከፍተኛ ነው ብዬ ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ። አለቃዬ ‹ዝቅተኛ› ብለሽ ፈርሚ፣ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ አለኝ።»

«አምቦውን ላምባ ነው ብሎ ሊሸጥ? ይሄ ዓይን አውጣ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈርማሉ?»

«እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። የተጫጫረ መኪና ስቀበል ‹ደህና ነው› ብዬ ፈርሜ አላውቅም።»

«ኦኬ። እኔም አልፈርምም።»

እነሱን ስሰማ መውረጃዬ ካለፈ ቆይቷል፤ እናንተም አውቶቡስ ስትይዙ ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡት።