አልታየሽን የገደላት ጨጓራ አልነበረም

ሃርልስደን አውቶቡስ ስጠብቅ የደግፌ ልጅ ሐዊ መጣች። እዚሁ ለንደን ተወልዳ ነርስ የሆነች ልጅ ናት። አባቷ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «የተማረ ይናገር» ብሎ ካስቀመጠኝ ሰባት ዓመት ሆነው፤ አልረሳሁትም። ፊቴን ላዞር ስል ጎኔን ወጋኝና ምሰሶውን ያዝኩ።

«ጋሽ ፀሐዬ! ምን ሆኑ?»

«የሐሞት ጠጠር ነው ይላሉ። ለሰኞ ኦፕሬሽን ቀጥረውኛል፤ ካንስል አደርገዋለሁ።»

«ለምን?»

«ባለፈው እፊቷ ተቀምጬ ሐኪሟ የምታወራው ከአስተርጓሚው ጋር ነበር። እንደ ዕቃ!»

«ልክ አይደለችም። ቂሙን በእሷ ላይ ይያዙ፤ ሆድዎ ምን አደረገዎት?»

«ደግሞስ ሐሞቴን አውጥታችሁ ሐሞተ ቢስ ልታደርጉኝ ነው?»

ሳቀች። «ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፤ የሚወጣው ከረጢቱ ብቻ ነው። ያለ እሱ ይኖራል።»

«እንግዲህ እንደ ሌላው ‹ምንም አይሆኑም› በይኝና ሂጂ።»

«አልልም። ሪስክ አለው። ሊደማ፣ ሊያመረቅዝ፣ ሐሞት ሊያፈስ ይችላል። ከብዙ መቶ ሰው ባንዱ ላይ የሐሞት ቧንቧው ይጎዳል፤ ያ ከባድ ነው። አንዳንዴም በትንንሽ ቀዳዳ መሥራት አልሆን ሲል ሆድ ይከፈታል። አብዛኛው ሰው ግን በአራት ትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ተሠርቶለት በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል።»

አደጋውን ሳይደብቅ እንደ ሰው የነገረኝ እሷ ናት፤ የደግፌ ልጅ። እዚያው ላይ ልቤ ተሸነፈ፤ ተሸንፎም ወደ አልታየሽ ሄደ።

ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ጾማ በፋሲካ በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ በላችና ጎኗን ይዛ ተኛች። «ጾም ስለፈታሽ ነው፤ ጨጓራ ነው፤ ለፈረንጅ ሆድሽን አታሳዪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ተልባ አጠጣኋት። ሆስፒታል ስትደርስ የእሷም የሐሞት ጠጠር ወርዶ ቆሽቷን አቁስሎት ነበር። አልተረፈችም።

ይህን ለሐዊ ነገርኳትና «ቶሎ ብወስዳት ትድን ነበር?» አልኳት።

አውቶቡሱ መጣ። ሐዊ አልተሳፈረችም።

«ምናልባት፣ ጋሽዬ። ብዙዎቹ ይድናሉ።»

ሰኞ ሄድኩ። ማታውኑ ቤቴ ገባሁ። ሆዴን በነፉበት ጋዝ ሁለት ቀን ትከሻዬን አመመኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሂትሮው ኤርፖርት ጽዳት ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ቅቤ ስበላ አሁን አይወጋኝም፤ ግን አይጣፍጠኝም።

ወገኖቼ፣ ቅባት በበላችሁ ቁጥር በቀኝ ጎናችሁ የሚመጣውን ሕመም ጨጓራ ብላችሁ አትለፉት፤ ቼክ አስደርጉ። ትኩሳት ከጨመረበት፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ያኔውኑ ሂዱ እንጂ ቀን አትቁጠሩ። ደግፌም ይስማ፤ ያልተማረው ተናግሯል።

የእኔ አራት ቀዳዳዎች ገጥመዋል። በአፌ ያስቆፈርኩላት አንዱ ጉድጓድ ነው የማይገጥመው።