በፌስታል የተቋጠረ ሐዘን

ሐዘንተኛ ማቁን መንገድ ላይ አውልቆ ቤቱ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቶ ወንዳፍራሽ አርባ ቀን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተጂ ከተማ ተድራ ከሞተችው ከልጃቸው ከሉሲ ተዝካር ተመልሰው፣ ሰበታ መናኸሪያ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ጥቁር ኮታቸውን ፌስታል ውስጥ ሲከቱ፣ "አባባ ወንዳፍራሽ፣ አካም ጅርቱ?" የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ አስደነገጣቸው። የጎረቤታቸው የጃዕፈር ልጅ፣ ነርሷ ሚንሃ ነበረች።

"እግዜር ይመስገን። አደራ፣ ለማሪቱ እንዳትነግሪብኝ!"

ማሪቱ ታላቋ ልጃቸው ናት። የሌለ ድምፅ እየሰማች አእምሮዋ ታሞ፣ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። እህቷ በድንገት ስትሞት ዘመድ ሁሉ "ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም" ብሎ ተማማለ፤ ሉሲ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚያስፈራ ቤት ሆነ። ማሪቱ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ሁሉም ፈገግ ይላል። እናቷ ጓሮ ገብታ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች። ማሪቱ "ማነው የሚያለቅሰው?" ስትል "ማንም" ይሏታል።

"ትናንት ክሊኒክ መጥታ ነበር" አለች ሚንሃ። "'መድኃኒቴን ጨምሩልኝ፤ የሌለ ለቅሶ እየሰማሁ ነው። ዳግመኛ ከማብድ ሞቴን እመርጣለሁ' አለችኝ።"

የአቶ ወንዳፍራሽ እጅ ፌስታሉ ላይ ቀረ።

"ብነግራት ሐዘኑ መልሶ ቢጥላትስ? ገና ባልጠና አጥንት ላይ ሸክም ይጫናል፣ ልጄ?"

"ሸክሙማ ተጭኗል፣ አባባ። ወላሂ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ያዳናት እኮ ያለውን ከሌለው መለየቷ ነበር። እውነተኛ ለቅሶ ሰምታ 'የለም' ስትባል ግን የገዛ ጆሮዋን ካደች።"

"የአባቶቻችን ወግ ነው።"

"የአባቶቻችን ወግማ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ ማርዳት ነው። እሱን ለምን ነፈጓት? ሐዘንና ንዴት እብደት አይደሉም፤ የዳነም ሰው ያለቅሳል። ለሐኪሟ ዛሬውኑ እንንገር፤ እኔም አጠገቧ እሆናለሁ።"

ሽማግሌው ፌስታላቸውን ቋጠሩ። "አዬ ጉድ! ለካ እኔ ነኝ የማሳብዳት" አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓለም ገና በጉም ተሸፍና ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ በሩ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ቆመ። በሩን የከፈተችው ማሪቱ ራሷ ናት። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"እውነት ቆማችኋል? ወይስ እኔ ነኝ የማያችሁ?"

"ቆመናል፣ ልጄ" አሉ አባቷ። "ለቅሶውም ነበረ። ዋሽቼሻለሁ። ሉሲ ሞታለች።"

ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ሚንሃ አቅፋ ያዘቻት። ቀና ስትል ግን ወደ ውስጥ ገብታ ከፍራሿ ስር ጥቁር ነጠላ አወጣች።

"ማን እንደሞተ ሳላውቅ ጥቁር ቀለም ነከርኩት" አለች። "እብደት መስሎኝ ደበቅሁት።"

አቶ ወንዳፍራሽ ፌስታላቸውን ፈትተው ኮታቸውን ፊቷ ለበሱ።

ቀላል ነበር አልልም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ "ለምን ዋሸኸኝ?" እያለች አባቷን ተቆጣች፤ እሳቸውም ቁጣውን ቁጭ ብለው ሰሙ። መድኃኒቷን ግን አላቋረጠችም፤ ሐኪሟም መጨመር አላስፈለገውም። እንቅልፏ ተመለሰ። ዛሬ አቶ ወንዳፍራሽ በእድር ስብሰባ ላይ "ከታመመ ሰው እውነት አትደብቁ፤ አብራችሁት ተሸከሙ" ብለው ይመክራሉ።

ማሪቱ አሁንም አንዳንድ ቀን "ማነው የሚያለቅሰው?" ትላለች።

"እናትሽ ናት" ይሏታል። "ነይ፣ አብረን እንቀመጥ።"