የጋፋት መንገድ

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከእህቴ ጋር ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በእግራችን እንወጣለን። ባለፈው እሁድ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አገኙንና «የማን ለቅሶ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«ለቅሶስ አይደለም እማማ፤ ልንናፈስ ነው» አልኋቸው።

«ያለ ጉዳይ ይኬዳል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እህቴ ግን አልሳቀችም። «እማማ፣ ዐረብ አገር ስሠራ ከቤት አያስወጡኝም ነበር። ሰማዩን እንኳ የማየው በመስኮት ነው። አሁን እግሬ ደስ እስኪለው እሄዳለሁ» አለቻቸው።

አሮጊቷ እጇን ያዙና «በይ ነይ፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን መስክ ላሳይሽ» ብለው ወደ መጡበት ተመለሱ። ተያይዘው ከፊቴ ሲሄዱ እንባዬ መጣ።

ስንለያይ በጣታቸው ጎጇቸውን አሳዩዋት። «ቤቴ ያውልሽ። የሚመጣው እሁድ ሳትጠሪኝ እንዳታልፊ» አሏት።